ትርፍ ደጋፊ

ሰሌዳውን ላጥፋ ብዬ ዳስተር ሳነሳ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «አታጥፋው» አለኝ።

እስከዚያ ድረስ አዲስ ተማሪ መስሎኝ ነበር። ለመውጫ ፈተና ወደማስጠናው ቡድን የማላውቃቸው ሰዎች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ዕድሜው ገፋ ያለ ቢሆንም ከማታ ተማሪዎች መካከል እንደሱ ያለ አይጠፋም። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጧል። ተነሥቶ ወደ ፊት መጣና ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ። ከዚያ መታወቂያውን አሳየኝና «ለጥቂት ጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ። በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ተማሪዎቼ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«የቤት ሥራችሁን ሠርታችሁ ቆዩኝ» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲገባ ሰሌዳው ላይ ምን እንደነበረ ማስረዳት አለብኝ። ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ።

የማስተምረው የሲቪል ምሕንድስና ቴክኖሎጂ ተማሪዎችን ነው። ኮሌጅ ውስጥ ረዳት መምህር ነኝ፤ ማታ ማታ ካዛንቺስ ውስጥ ከመፍረስ በተረፈ አንድ ፎቅ ላይ፣ ለዲግሪያቸው የመጨረሻውን ፈተና የሚጠብቁትን አስጠናለሁ። ተማሪዎቻችን ዓመታት ሙሉ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ቃሉን ይሸመድዱታል፤ ቃሉ የያዘውን ነገር ግን ብዙዎቹ አያዩትም። ስለዚህ እኔ አንድ ልማድ አለኝ። ከባዱን ሐሳብ መጀመሪያ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ስትራክቸር የሚባለውን መዋቅር እላለሁ። ሰፖርት የሚባለው ደጋፊ ነው። ሎድ ጭነት ነው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። አንዱማ «ብቻ ሞመንትን ‘አፍታ’ ብለህ እንዳትተረጉመው» ብሎኛል፤ በኛ ሙያ ሞመንት የማጉበጥ ኃይል ነው።

የዚያን ሰሞን የምናጠናው ትርፍ ደጋፊ ስላለው መዋቅር ነበር። አንድን ጣውላ በሁለቱ ጫፎቹ ብታስደግፈው ይቆማል። መሐሉ ላይ ሦስተኛ ደጋፊ ብትጨምርለት ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሒሳቡ ግን ይወሳሰባል። ከሦስቱ የትኛው ምን ያህል እንደተሸከመ በቀላሉ አይታወቅማ። ዘዴው ደስ ይላል። የመሐሉን ደጋፊ «የለም» ብለህ ታስባለህ። ጣውላው ምን ያህል እንደሚያጎነብስ ታሰላለህ። ያጎነበሰውን ቀና ለማድረግ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ትፈልጋለህ። ያ ኃይል የመሐሉ ደጋፊ ተሸክሞት የነበረው ጭነት ነው። እስኪነሣ ድረስ ምን ያህል እንደሚሸከም አይታወቅለትም ማለት ነው።

ይህንን በቴሌግራም ቡድናችን ላይ አሳጥሬ ጻፍኩላቸው። «መዋቅሩን ለመፍታት መጀመሪያ ትርፉን ደጋፊ አስወግዱ። ከዚያ ምን ያህል እንደሚያጎነብስ እዩ። ሁለት ትርፍ ደጋፊ ካለ ሁለቱንም አስወግዱ።» አንዱ ተማሪዬ ወዲያው መለሰ፤ «እሺ ቲቸር፣ ነገ ጠዋት ሁለቱን አስወግጄ እልካለሁ።»

ጊዜው ስልክ የሚፈተሽበት ጊዜ ነበር። ልጁ በማግሥቱ ጠዋት መስቀል አደባባይ ታክሲ ሲጠብቅ ፖሊሶች ስልኩን ጠየቁት። በከተማችን ደግሞ መዋቅር ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሕንፃ አይደለም፤ ከወረዳ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውን የመንግሥት ሰንሰለት ነው። ደጋፊም እንዲሁ ነው፤ የመንግሥት ደጋፊ። ልጁን ጠዋት ያዙት፤ እኔን ማታ።

ወደ እስረኞቹ ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን አልነበረም። ጣሪያውን ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ። ቤቱ የድሮ መኖሪያ ቤት ነው፤ ሳሎን የነበረው ይመስለኛል አሁን እስረኛ የሚያድርበት። ጣሪያውን የያዘው አግዳሚ እንጨት መሐሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። ከሥሩ፣ ልክ በክፍሉ መሐል፣ አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሏል። ከትከሻ በታች ያለው አካሉ በሰው ጀርባ ብዛት ተልጦ እንደተወለወለ ዕቃ ያብረቀርቃል። አየሩ እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። ከውጭ፣ ከግቢው አጥር ወዲያ፣ ሰፈሩን የሚያፈርሰው ኤክስካቫተር ሥራውን ገና አላቆመም።

ቋሚውን ተደግፎ የተቀመጠው ሰው የክፍሉ ካቦ ነበር። ካቦ እስረኞች ከመካከላቸው የሚመርጡት አለቃ ነው፤ ቦታ የሚደለድለውና ጠብ የሚያበርደው እሱ ነው። የኛው ካቦ ካዛንቺስን ቤት በቤት የሚያውቅ ደላላ ነበር። የመጣው ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ነው።

«አዲስ ገቢ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መምህር ነኝ።»

«የምን?»

«የመዋቅር ትንተና።»

«በቃ፣ ለምን እንደመጣህ ገብቶኛል» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

ከማዕዘኑ በኩል «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተማሪዬ ነው። ፊቱ መጀመሪያ በደስታ በራ፤ ቀጥሎ ወዲያው ጠፋ። እኔን እዚህ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ገባው።

«በኔ ነው ቲቸር። አስወግጄ እልካለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አስወግዱ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ ማንን ነው የምታስወግዱት ግን?» አለ ካቦው። «ማለቴ፣ አብረን እስከታሰርን ድረስ እኛም እንወቀው።»

ልጁ አጠገቤ ተቀመጠ። የመውጫ ፈተናው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። ካመለጠው የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል፤ «ዲግሪህን ይዘህ ና» ያለው ሥራ ተቋራጭ ግን ዙር አይጠብቅም። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ላይ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ናቸው። አባቱ ካረፉ በኋላ ሱቁን የያዙት እናቱ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ሄደ፤ አሁን የሚኖሩት ከከተማው ዳር ነው፤ ቤቱ የሚጠብቀው የሱን ሥራ ነው። ይህንን ሁሉ የነገረኝ እያማረረ አልነበረም። «ዝም ብዬ ሳስበው ነው» አለኝ።

«ከነገ ወዲያ ነው አይደል? እንግዲያው ነገ አለን ማለት ነው» አልኩት። «እናጠናለን።»

ጠዋት በትንሿ መስኮት ብርሃን ሲገባ ጀመርን። ደብተር አልነበረንም፤ እስክሪብቶም ወስደዋል። ልጁ ታታሪ ነው፤ ችግሩ ሽምደዳ ነው። ትርፍ ደጋፊ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ዓይኑን ጨፍኖ የእንግሊዝኛውን ፍቺ ሳይተነፍስ ወረደው።

«ይኼ ልጅ ድግምት እየደገመ ነው እንዴ?» አለ ካቦው።

«ቃሉን ተወው» አልኩት ልጁን። «ዓይንህን ግለጥ። እዚህ ክፍል ውስጥ ትርፍ ደጋፊ ሊሆን የሚችለው የቱ ነው?»

ልጁ ዞር ዞር ብሎ አየ። ጎበጥ ያለውን አግዳሚ አየ፤ ግራና ቀኝ ያረፈባቸውን ግድግዳዎች አየ። ከዚያ ቋሚውን አየ። ካቦው በሁለት እጁ ቋሚውን ያዘ።

«ኧረ ተዉ! ይኼን ከነካችሁት በላያችን ላይ ነው የሚመጣው!»

«አንነካውም ጋሼ። እግሩን ብቻ ነው የምናየው።»

ቋሚው የቆመው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። በድንጋዩና በእንጨቱ መሐል ሽብልቅ፣ ማጥበቂያ ቁራጭ እንጨት፣ ገብቷል፤ አንድ ጊዜ ያጠበቀው ሰው እንጨቱ ሲደርቅና ሲሸሽ ተመልሶ አላየውም። ልጁን በጣቱ እንዲገፋው ነገርኩት። ገፋው። ሽብልቁ እንደ መሳቢያ ወጣ ገባ አለ።

«ጭነት ቢይዝ ኖሮ ይንቀሳቀስ ነበር?»

«አይንቀሳቀስም።»

«ስለዚህ?»

ልጁ ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ። «ምንም አልተሸከመም» አለ ቀስ ብሎ። «ጣሪያው የቆመው በሁለቱ ግድግዳ ነው። ይኼ ተነሣም አልተነሣም… ቲቸር! ይኼ ማለት ነው እንዴ?»

ለዚህች «እንዴ» ነው መምህር የሚኮነው።

«እንዴት ምንም አልተሸከመም?» አለ ካቦው። «እኔን ማን ተሸከመኝ ታዲያ?»

«እሱ የጎን ጭነት ነው ጋሼ። ሌላ ምዕራፍ ነው።»

«አየኸው፣ ለኔ ሲሆን ሌላ ምዕራፍ!» ሰዎቹ እየሳቁ ቀረቡን፤ ከዚያ በኋላ የማስተምረው ለክፍሉ በሙሉ ሆነ። አንዴ «አሁን መዋቅሩን እንፍታው» ስል ካቦው አቋረጠኝ። «ስማ ቲቸር፣ እዚህ ቤት ‘ሶልቭ’ በል። ‘ፈታ’ ካልክ ሰው ተስፋ ያደርጋል።»

በሩ ተንኳኳና ስሜ ተጠራ። «ውጣ!»

ተነሣሁ። ካቦው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «‘ዕቃህን ይዘህ ውጣ’ አላሉም። ትመለሳለህ» አለኝ። እንዲያ ነው፤ ዕቃህን ይዘህ ከተባልክ ቤትህ ነው፤ ውጣ ብቻ ከተባልክ ምርመራ ነው።

መርማሪው በዕድሜ ከአባቴ ጋር የሚመጣጠን ሰው ነበር። ሹራብ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ሻይ አስመጣልኝ። ሥርዓት ያለው ጠረጴዛ ስለምወድ ትንሽ ተረጋጋሁ።

«እስቲ አንድ በአንድ እንሂድ መምህር» አለና መነጽሩን አጠለቀ። «‘መዋቅሩን ለመፍታት’ ይላል። የቱን መዋቅር ነው? የወረዳውን ነው የክፍለ ከተማውን?»

«የጣውላውን ነው።»

«የማንን?»

«ጣውላ። እንጨት። የአርማታም ሊሆን ይችላል።»

በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝ። እየቀለድኩ እንደሆነ የሚያጣራ ይመስለኛል።

«መፍታት ሲባልስ? መበተን?»

«አይደለም። እንቆቅልሽ እንደመፍታት ነው።»

«ስለዚህ ምሥጢር አለው።»

«የሒሳብ ጥያቄ እንደመፍታት ልበል።»

«‘ትርፉን ደጋፊ አስወግዱ።’ ደጋፊ ሆኖ ደግሞ ትርፍ አለ? ማነው ትርፍ ነህ ያለው?»

«ቀመሩ ነው።»

ጻፈው። ከማዶ ሆኜ ሳነበው «ቀመሩ» ብሎ ከሥሩ አሠመረበት። ቀመሩ የሚባል ሰው ነገ እንዳይፈለግ ሰጋሁ።

«ላሳይዎት?» አልኩት።

ፈቀደልኝ። የሱንና የኔን የሻይ ብርጭቆ ራቅ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። የፕላስቲክ ማስመሪያውን ጫፍና ጫፉን በሁለቱ ላይ አሳረፍኩት። መሐሉ ላይ ደጋፊ የሚሆን ነገር ስፈልግ ዓይኔ ማህተሙ ላይ አረፈ። ትንሽ ስላጠረ ከሥሩ ወረቀት አጥፌ አደረግሁበትና ልክ ሆነ። የቁልፍ ዘለላውን ለምኜ ወሰድኩና ማስመሪያው ላይ ጫንኩት።

«ይኼ ጭነቱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደጋፊዎች ናቸው። ለመቆም ሁለቱ ይበቁታል፤ የመሐሉ ትርፍ ነው። አሁን እሱን እናስወግደዋለን።» ማህተሙን ሳብኩት። ማስመሪያው አጎነበሰ። ቁልፎቹ ትንሽ ተንሸራተው ቆሙ።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከጎን አየው። «አልወደቀም» አለ።

«አይወድቅም። ያጎነብሳል እንጂ። እንግዲህ ጥያቄው…»

«ማህተሙን ወደ ቦታው መልሰው።»

ወደ ማስመሪያው ሥር መለስኩት።

«እዚያ አይደለም። ወደ ሳጥኑ።»

ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ከዚያ ከመሳቢያው በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አወጣ። አነበብኩት። ከመሐሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «አሻሚ ትርጉም ያላቸውን ቃላት እያወቅሁ ተጠቅሜያለሁ።»

«ይኼ ቀላል ነው» አለኝ፤ ድምፁ ክፋት አልነበረውም። «ትፈርማለህ፤ ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።»

«ልጁስ?»

«የሱ ለብቻው ነው።»

ነገር በቅደም ተከተል ማሰብ እወዳለሁ። «እያወቅሁ» ካልኩ፣ ቃሉ ሁለት ትርጉም እንደነበረው አመንኩ ማለት ነው። ሁለት ትርጉም ከነበረው፣ «ሁለቱን አስወግጄ እልካለሁ» ያለው ልጅ ለየትኛው ትርጉም ነው የመለሰው? እኔ በዚያች ፊርማ እወጣለሁ። አንድ ደጋፊ ሲነሣ ግን ጭነቱ አይጠፋም፤ ወደ ቀሩት ይተላለፋል። ይህንን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይኼንን አልፈርምም» አልኩት። «በእጄ ልጻፍልዎት?»

ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። ርእስ አደረግሁለት። መዋቅር ምን እንደሆነ፣ ደጋፊ ምን እንደሆነ፣ ትርፍ ለምን እንደሚባል ጻፍኩ። ሥዕል ሣልኩለት፤ ቀስቶቹን በማስመሪያ አሠመርኩ። ከሥሩ ፈረምኩበት። ረጋ ብሎ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ እኮ ትምህርት ነው መምህር። ቃል አይደለም።»

«ያለኝ ቃል እሱ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን አሻሸ። «መልካም» አለ። «ትምህርት ከሆነ ተማሪው ያውቀዋል። አንተ ሳትኖር ይንገረኝ። ካንተ ጋር ከገጠመ ለበላይ አቀርበዋለሁ። ካልገጠመ ግን ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ።»

ከልጁ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተላለፍን። መነጋገር አይፈቀድም። ፊቱን ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እንግሊዝኛውን እየደገመ ነው።

«ልጁ ጎበዝ ነው?» አለኝ ካቦው ስመለስ።

«ታታሪ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ተቀመጥኩ። ውጭ ኤክስካቫተሩ ግድግዳ ላይ ነበር። የብሎኬት አወዳደቅና የጭቃ ቤት አወዳደቅ ድምፁ ይለያል፤ ብሎኬት ይንኮሻኮሻል፤ ጭቃ «እፍ» ብሎ ነው የሚወርደው። ያን ቀን የሚወርደው ጭቃ ነበር። ተማሪዬ አሁን ምን እያለ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ፈተና ላይ ያስቀመጥኳቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ እንደዚያ የፈራሁለት ግን የለም።

ስንቅ መጣ። የልጁ እናት ናቸው ከዳር ከተማ በሁለት ታክሲ ይዘውት የመጡት። ያስገባው ፖሊስ «‘አብሽር በሉት፣ አይዞህ በሉት’ ብለዋል» አለ። ካቦው ሳሕኑን ተቀብሎ ቋሚው ሥር አስቀመጠው። «ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም አይንካ» አለ። ማንም አልነካም፤ የሽሮው ሽታ ግን ክፍሉን ሞላው።

በሩ ሲከፈት ልጁ ብቻውን አልነበረም። መርማሪው አብሮት ነው። ሁላችንም ተነሣን።

«የታል ያልከኝ?» አለው ልጁን።

«እሱ ነው» አለ ልጁ ወደ ቋሚው እያመለከተ። «ጣሪያውን የያዘ ይመስላል፤ ግን ትርፍ ነው። ጣሪያው በግድግዳዎቹ ነው የቆመው። ይኼ ምን ያህል እንደተሸከመ ለማወቅ የለም ብለን እናስባለን፤ ከዚያ ምን ያህል እንደሚያጎነብስ እናሰላለን። ይኼኛው ግን ሳይሰላም ይታወቃል። ሽብልቁን ይንኩት።»

መርማሪው ሱሪውን ከጉልበቱ ሳብ አድርጎ ቁጢጥ አለ። ሽብልቁን በጣቱ ገፋው። ወጣ። መልሶ ገፋው። ገባ። ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አየ።

«ይኼ ነገር እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

መልስ የሰጠው ካቦው ነበር። «እኛ ስንመጣም እንዲሁ ነበር ጌታዬ። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ደጋፊ እሱ ብቻ ነው።»

አንዱ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። የመርማሪው ከንፈር ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ልለው አልደፍርም። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ወጣ።

«ምን አልከው?» አልኩት ልጁን።

«በእንግሊዝኛ ጀመርኩለት። ‘በአማርኛ!’ ብሎ ጮኸብኝ። ሁሉም ነገር ጠፋብኝ ቲቸር፣ በቃ ባዶ ሆንኩ። ከዚያ ሽብልቁ ትዝ አለኝ።» ሳሕኑን አየው። «እናቴ መጥታ ነበር እንዴ?»

የእናቱን መልእክት ነገርነው። ሳሕኑን ከፍቶ ሁላችንንም ጠራን።

ከዚያ በኋላ ማድረግ የምንችለው አልነበረም። የጻፍኩት ወረቀት ወደ ላይ ሄዷል፤ መልሱ በሰዓቱ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም። እኔና ልጁ ግን የቀሩትን ምዕራፎች ቀጠልን፤ የአፈር መጠቅጠቅ፣ የአርማታ ቅልቅል፣ የውሃ ቱቦ። መስኮቷ መደብዘዝ ስትጀምር ልጁ ጀርባውን እየዳበሰ ተቁነጠነጠ፤ ቀኑን ሙሉ ያለ መደገፊያ ነው የተቀመጠው። ካቦው አየው። ተነሣ። ከመጣ ጀምሮ ያንን ቦታ ለማንም ሰጥቶ እንደማያውቅ ሌሎቹ በኋላ ነገሩኝ።

«ና እዚህ ተደገፍ» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ይመቸኛል…»

«ነገ ፈተና ያለው ሰው ነው የሚደገፈው። የጎን ጭነት ነው አሉ፤ ይችልሃል።» እሱ ደግሞ ልጁ ተቀምጦበት ወደነበረው ወደ በሩ በኩል ሄዶ ኩርምት አለ።

ጎሕ ሲቀድ ልጁ ሰግዶ ገና እንደተነሣ በሩ ተከፈተ። ስሙ ተጠራ። ከስሙ በኋላ የሚመጣውን ለመስማት ሁሉም ጆሮውን ወደ በሩ ጣለ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ልጁ በቆመበት ቀረ። «ቲቸር፣ አንተስ?»

«የኔ አልተጠራም። ሂድ፣ ታክሲ ሰልፍ አለው።» ሸሚዙን አስተካከልኩለት። ትልቅ ነገር መናገር የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ከአፌ የወጣው ግን «መለኪያውን አትርሳ። በኪሎ ኒውተን ነው የሚሉህ» የሚል ነበር። «እሺ» ብሎ ሄደ።

እኔ ቆየሁ። ያ በኮምፒውተር የተጻፈው ወረቀት አንድ ሁለቴ ተመልሶ ቀረበልኝ፤ በቀረበልኝ ቁጥር ባዶ ወረቀት እለምንና ያንኑ ትምህርት እንደገና እጽፋለሁ፤ በየጊዜው ሥዕሉን ትንሽ አሻሽለዋለሁ። በመጨረሻው ጊዜ መርማሪው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና «ሥዕልህስ እያማረ ሄደ» አለኝ። በማግሥቱ ዕቃህን ይዘህ ተባልኩ። ስወጣ ካቦው ወደ ቋሚው ተመልሶ ነበር። እጁን አነሣልኝ።

ያ ቤት አሁን የለም። ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ ተነሥቷል። በዚያ ሳልፍ የትኛው ቦታ ላይ እንደነበረ ለመለየት እሞክራለሁ፤ ሰፊው አዲሱ መንገድ ግን ምልክቱን ሁሉ አጥፍቶብኛል። ካቦው ግን መፈታቱን ሰምቻለሁ፤ ባምቢስ አካባቢ ከአንድ ካፌ በር ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ ቤት ያሻሽጣል አሉ።

እኔም አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ አሁንም መዋቅር፣ ደጋፊ፣ ጭነት ብዬ እጽፋለሁ። ታሪኩን የሚያውቁ ተማሪዎች «ቲቸር፣ ቀስ ብለህ ጻፈው» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ ሰሌዳ ከማጥፋቴ በፊት የኋላውን ወንበር አያለሁ። ለምን እንደማየው ግን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም።

ተማሪዬ አለፈ። ሥራ ተቋራጩ ዘንድ ገባ፤ ከከተማው ዳር ሕንፃ ይሠራል። በቀደም ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ከሱ ነው። «ቲቸር፣ ዛሬ ጠዋት ሁለቱን አስወገድኳቸው» ይላል። አርማታው እስኪደርቅ ከሥሩ የቆሙትን የእንጨት ቋሚዎች ማለቱ ነው።

ጣቴ መልእክቱን ለማጥፋት ሄዶ ነበር። እዚያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሌላ ሰው ቢያነበው እንኳ እንዲገባው አድርጌ፣ በአማርኛ፣ እንደ መምህር ጠየቅሁት።

«ምን ያህል አጎነበሰ?»

መልሱ ብዙም አልዘገየም።

«ትንሽ አጎንብሷል ቲቸር። ግን በተፈቀደው ልክ ነው።»